የትዳር ቪዛና የስም ለውጥ፦ ወደ አሜሪካ የሚሄድ ሰው ስሙን መቼና እንዴት ይቀይራል?

በትዳር ቪዛ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ጉዳይ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል፦ የባለቤቴን የቤተሰብ ስም ልያዝ ወይስ በራሴ ስም ልሂድ? ጥያቄውን የሚያነሡት ብዙውን ጊዜ ሴቶች ናቸው፤ አማካሪ ደግሞ ሞልቷል። አንዷ ዘመድ «የባልሽን ስም ካልያዝሽ ቆንስሉ ጋብቻውን አያምንም» ትላለች፤ ሌላው «ፓስፖርትሽን አሁኑኑ አስቀይሪ» ይላል። ሁለቱም ምክሮች ሰው ይጎዳሉ።

የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ግሪን ካርዱ እጅዎ እስኪገባ ድረስ ስምዎን አይንኩት። የመጀመሪያው ማመልከቻ ከሚገባበት ቀን አንሥቶ አሜሪካ አየር ማረፊያ እስከሚደርሱበት ሰዓት ድረስ በአንድ ስምና በአንድ የፊደል አጻጻፍ ይሂዱ። ከዚያ በኋላ መቀየር ከፈለጉ ሕጋዊ መንገዶች አሉ፤ ከእነርሱ አንዱ ተጨማሪ ክፍያ እንኳን የለውም። ይህ መመሪያ የተጻፈው የትዳር ጓደኛቸው የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ለሆነና ጉዳያቸው በአዲስ አበባው የአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ለሚያልፍ ሰዎች ነው።

ስም መቀየር ግዴታ ነው ወይ?

አይደለም። በኢትዮጵያ ሕግም ሆነ በልማዳችን ያገባች ሴት ስሟን ይዛ ትቀጥላለች። ስማችን የራስ፣ የአባትና የአያት ነው፤ ጋብቻ አባትንና አያትን አይለውጥም። የአሜሪካ ሕግም ባልና ሚስት አንድ የቤተሰብ ስም እንዲኖራቸው አያስገድድም። በየትኛውም የትዳር ቪዛ ቅጽ ላይ «የባልሽን ስም ያዢ» የሚል መስፈርት አያገኙም።

ጋብቻው እውነተኛ መሆኑ የሚመዘነው በሌላ ነገር ነው፦ በሠርግና በሽምግልና ፎቶግራፎች፣ በስልክና በመልእክት ልውውጥ፣ ባለቤትዎ አገር ቤት መጥቶ በቆየባቸው ቀናት የፓስፖርት ማኅተም፣ በተላከ ገንዘብ ደረሰኝ፣ በጋራ የባንክ ሒሳብ፣ ካለም በልጅ የልደት ምስክር ወረቀት። አዲስ አበባ ያሉ የቆንስላ ሠራተኞች በየቀኑ የሚያነጋግሩት የተለያየ ስም ያላቸውን ባልና ሚስት ነው። የኢትዮጵያ ስም እንዴት እንደሚዋቀር ያውቃሉ። ይልቁንም ማብራሪያ የሚጠየቀው፣ ከሌሎች ሰነዶቹ ጋር የማይገጥም ስም ይዞ የቀረበ ሰው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ዳንኤል መኮንን አየለ የሚባል ሰው አሜሪካ ሲገባ ብዙውን ጊዜ «ሚስተር አየለ» ይሆናል። ሰላም ተስፋዬ ገብሬ እርሱን አግብታ «ሰላም አየለ» ብትባል የያዘችው የባሏን አያት ስም ነው። ይህን አውቃ ከወደደችው መልካም። አሜሪካ የሚወለደው ልጃቸው በአባቱ የቤተሰብ ስም ሲመዘገብ፣ ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት እናትና ልጅ በተለያየ ስም እንዳይቀርቡ ብለው ስም ለመቀየር የሚያስቡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። የልጁ የልደት ምስክር ወረቀት የእናቱን ስም ስለሚይዝ ያለ ስም ለውጥም ነገሩ መፍትሔ አለው፤ ቢሆንም ምክንያቱን አልንቅም። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ እኔ የምከራከረው ስለ ጊዜው ነው።

ደረጃ 1፦ ሰነዶችዎን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ያስተያዩ

ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ፓስፖርትዎን፣ የጋብቻና የልደት ምስክር ወረቀትዎን፣ የፋይዳ መታወቂያዎን፣ ቀድሞ አግብተው ከነበረም የፍቺ ውሳኔውን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። የሚያነጻጽሩት አማርኛውን አይደለም፤ አማርኛው ብዙውን ጊዜ ልክ ነው። ችግሩ ያለው በእንግሊዝኛው ፊደል ላይ ነው። «ፀሐይ» በአንዱ ወረቀት በቲ እና በኤስ ትጀምራለች፣ በሌላው በኤስ ብቻ። «ቅድስት» አንድ ቦታ በኬ፣ ሌላ ቦታ በኪው ትጻፋለች። መዝጋቢው በዕለቱ እንደመሰለው ይጽፋል፤ እርስዎም ፈርመው ይወጣሉ፤ ከዓመት በኋላ ግን ሁለት ሰው ሆነው ይገኛሉ።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ድርብ ስም ነው። ወልደ ገብርኤል፣ ገብረ መድኅን፣ ኃይለ ማርያም የመሳሰሉት በአንዱ ሰነድ ተያይዘው፣ በሌላው ተለያይተው ይጻፋሉ። ተለያይተው ሲጻፉ የአሜሪካ ኮምፒውተር ወይም ቅጹን የሚሞላው ሰው «ገብርኤል»ን የቤተሰብ ስም፣ «ወልደ»ን የመካከል ስም ሊያደርገው ይችላል። እንዲህ ተቆርጦ የቀረ ስም ይዘው ዕድሜ ልክ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በአሜሪካ አሉ። የአያትዎ ስም ድርብ ከሆነ ፓስፖርትዎ ላይ ተያይዞ መጻፉን አሁኑኑ ያረጋግጡ።

ፓስፖርቱን ሲያነቡ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ብቻ አይመልከቱ። ፎቶግራፉ ካለበት ገጽ ግርጌ ማሽን የሚያነባቸው ሁለት ረጃጅም መስመሮች አሉ። በላይኛው መስመር የኢትዮጵያ ምልክት ከሆኑት ከኢ፣ ቲ እና ኤች ፊደላት ቀጥሎ የሚመጣው የቤተሰብ ስም ነው። ከዚያ ሁለት የማዕዘን ምልክቶች ተደርድረው ይከተላሉ፤ ከእነርሱ በኋላ ያለው ሁሉ የመጠሪያ ስም ነው። ሰላም ተስፋዬ ገብሬ እንደ ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ከሆነች «ገብሬ» መጀመሪያ፣ «ሰላም ተስፋዬ» በኋላ ይገኛሉ። በቪዛው ላይ፣ ቀጥሎም በግሪን ካርዱ ላይ የሚታተመው ይኸው አከፋፈል ስለሆነ፣ «ላስት ኔምዎ ማን ነው?» ተብለው ሲጠየቁ መልሱ ያለው እዚያ መስመር ላይ ነው።

ልዩነት ካገኙ ፓስፖርቱን ዋና ያድርጉና ሌሎቹን ወደ እርሱ ያስተካክሉ። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱ ላይ ያለ የፊደል ስሕተት በሰጠው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት እንዲታረም ይጠይቁ። ፓስፖርቱ ራሱ የተሳሳተ ከሆነ ግን ጊዜ ቢወስድም ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት በኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት በኩል ያስተካክሉ። የቤተ ክርስቲያን ወይም የኒካሕ ወረቀት ብቻ ያላችሁ ደግሞ ጋብቻውን በወሳኝ ኩነት አስመዝግቡ። የቤተ ክርስቲያኑ ወረቀት ብዙውን ጊዜ የክርስትና ስም ስለሚይዝ፣ «ወለተ ማርያም» ብሎ የሚጠራት ወረቀትና «ሰላም» የሚላት ፓስፖርት ለማያውቅ ሰው የሁለት ሴቶች ይመስላሉ።

የባልን ወረቀት መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ ስሙን ያሳጠረ ወይም የቀየረ ሰው አገር ቤት መጥቶ በድሮ ስሙ ጋብቻ ቢፈጽም፣ የጋብቻ ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል። ጋብቻው የሚመዘገበው አሁን በያዘው ፓስፖርት ላይ ባለው ስም መሆን አለበት። ቀድሞ በሌላ ስም ከተመዘገበ የስም ለውጡን የሚያሳይ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የዜግነት ምስክር ወረቀት ከማመልከቻው ጋር ይያያዝ።

ደረጃ 2፦ አይ-130ን መሙላት

አይ-130 የተባለውን ማመልከቻ የሚያስገባው አሜሪካ ያለው የትዳር ጓደኛ ነው። አብሮት አይ-130ኤ የሚባል ስለ እርስዎ የሚናገር ተጨማሪ ቅጽ አለ፤ እርስዎ ከአሜሪካ ውጭ ካሉ ቅጹ መሞላት አለበት እንጂ የእርስዎ ፊርማ አያስፈልገውም። ፊርማ ስለማያስፈልገው ብዙ ባል ለብቻው ይሞላውና ሚስት ሳታየው ይላካል። ይህ እንዲሆን አይፍቀዱ። ከመላኩ በፊት ቅጂውን ያስልኩና እያንዳንዱን ፊደል ይመልከቱ።

ለምን ይህን ያህል አጥብቄ እናገራለሁ? ባል በደስታ ተገፋፍቶ የሚስቱን «ላስት ኔም» በራሱ ስም የሚሞላበት ጊዜ ስላለ ነው። ፍቅር ነው፤ ነገር ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ጉዳዩ «ሰላም አየለ»ን ሲፈልግ ፓስፖርቱ «ሰላም ገብሬ» ይላል። በትክክል ሲሞላ «ላስት ኔም» ገብሬ፣ «ፈርስት ኔም» ሰላም፣ «ሚድል ኔም» ተስፋዬ ነው።

«አዘር ኔምስ» የሚለው ክፍል እስከ ዛሬ በሰነድ ላይ የተጠሩባቸውን ሌሎች ስሞች ሁሉ ይጠይቃል። የቤት ስምዎ በትምህርት ማስረጃ ላይ ካለ፣ የክርስትና ስምዎ በጋብቻ ወረቀት ላይ ካለ፣ የቀድሞ ፓስፖርትዎ በሌላ ፊደል ከተጻፈ እዚህ ይግባ። ብዙ ስም መዘርዘር ያስጠረጥራል ብለው አይፍሩ፤ ቦታው የተዘጋጀው ለዚሁ ነው። ቅጹ ስምዎንና አድራሻዎን በራስዎ አገር ፊደል እንዲጽፉም ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ በአማርኛ እስከ አያት ይጻፉ።

አማርኛ ብቻ የሆነ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያስፈልገዋል፤ ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል እንደሆነ ፈርሞ ማረጋገጥ አለበት። ለተርጓሚው የሰነዱን ብቻ ሳይሆን የፓስፖርትዎን ቅጂም ይስጡት፤ ስምዎን እንደ ፓስፖርቱ እንዲጽፍ ይንገሩት። ይህን ካላደረጉ አራተኛ አጻጻፍ ይፈጥርልዎታል።

ደረጃ 3፦ ዲኤስ-260

አይ-130 ከጸደቀ በኋላ ጉዳዩ ኤንቪሲ ወደሚባለው ብሔራዊ የቪዛ ማዕከል ይሄዳል፤ ክፍያው ተከፍሎ ዲኤስ-260 የሚባለው የስደተኛ ቪዛ ማመልከቻ ቅጽ በኢንተርኔት ይሞላል። እዚህ ላይ የስም ሳጥኖቹ ሁለት ብቻ ናቸው፦ «ሰርኔምስ» እና «ጊቭን ኔምስ»። የመካከል ስም ሳጥን ስለሌለ የአባት ስም ከራስ ስም ጋር ይገባል፤ «ሰርኔምስ» ገብሬ፣ «ጊቭን ኔምስ» ሰላም ተስፋዬ። ከፓስፖርቱ ግርጌ ካነበቡት መስመር ጋር አንድ መሆን አለበት። እዚህም ሌሎች ስሞችን ይጠይቃል፤ አይ-130 ላይ የጻፉትን ያንኑ ይድገሙ።

የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (በአሜሪካ ለሥራና ለግብር የሚያገለግል መለያ ቁጥር) እንዲሰጥዎ ይፈልጉ እንደሆነ የሚጠይቀውን «አዎ» ይበሉ፤ ካርዱ አሜሪካ ከገቡ በኋላ በአድራሻዎ ይላካል። የሚታተመው በዚሁ ስም ነው።

ቅጹ አንዴ ከተላከ ይቆለፋል። ስሕተት ካገኙ ጉዳዩ ያለበትን ማዕከል ወይም ኤምባሲውን ጠይቀው ማስከፈት ይቻላል፤ ስለዚህ ስሕተቱን አይቶ ዝም ማለት አይገባም።

ቀድሞ ዓረብ አገር በሌላ ስም ሠርተው ከነበረ

ይህ ክፍል ለብዙ እኅቶቻችን ከቀሩት ሁሉ ይበልጣልና ረጋ ብለው ያንብቡት። ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ሊባኖስ ወይም ወደ ኤምሬቶች ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ብዙ ሴቶች ደላላ ባመቻቸላቸው ፓስፖርት በሌላ ስም፣ በሌላ ዕድሜ ተጉዘዋል። አንዳንዶቹ የ16 እና የ17 ዓመት ልጆች ነበሩ፤ ፓስፖርቱ ግን ከ20 በላይ አድርጓቸዋል። ሲመለሱ በትክክለኛ ስማቸው አዲስ ሕይወት ጀመሩ፣ አገቡ፤ አሁን ባል ጉዳዩን ሲጀምር ያ የድሮ ስም ይመጣል።

የመጀመሪያው ነገር፦ አይደብቁት። የስደተኛ ቪዛ አመልካች ከ16 ዓመቱ በኋላ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ከኖረበት አገር የፖሊስ ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው የሚወጣው እዚያ አገር በተመዘገቡበት ስም ነው። «ኖሬ አላውቅም» ብሎ መጻፍ ደግሞ ከስም ልዩነቱ እጅግ የከፋ ጥፋት ነው። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለቪዛ ሲባል ወሳኝ ነገርን አውቆ መዋሸት ወይም መደበቅ ዕድሜ ልክ ያስከለክላል። ይቅርታ የሚጠየቅበት አይ-601 የሚባል ማመልከቻ አለ፤ ሆኖም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ ከባድ ችግር እንደሚደርስበት ማሳየት ይጠይቃል፤ ረጅምና ውድ መንገድ ነው።

በሌላ ስም መሄድዎን በግልጽ መናገር ግን ብዙውን ጊዜ ሊብራራ የሚችል ነገር ነው። የድሮውን ስም «ሌሎች ስሞች» በሚለው ቦታ፣ የድሮውን የልደት ቀን ደግሞ በማብራሪያዎ ውስጥ ያስገቡ። የቀድሞው ፓስፖርት ወይም ቅጂው ካለ ያስቀምጡት። ያኔ ዕድሜዎ ስንት እንደነበር፣ ፓስፖርቱን ማን እንዳወጣልዎ፣ የትኛው ስም የትውልድ ስምዎ እንደሆነ በአጭሩ ይጻፉ፤ የልደትና የትምህርት ማስረጃ ያያይዙ። ከዚህ ቀደም በዚያ ስም የአሜሪካ ቪዛ ጠይቀው ከነበረ የጣት አሻራዎ ኤምባሲው ዘንድ አለ፤ ሁለቱ ስሞች መገናኘታቸው አይቀርም።

ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ደግሞ ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ። ጉዳይ አስፈጻሚ ወይም ቅጽ ሞይ አይበቃም። «ተይው፣ አይታወቅም» የሚል ምክር የሚሰጥዎ ሰው ቪዛው ቢከለከል ከእርስዎ ጋር አይከለከልም። ለባለቤትዎም አስቀድመው ይንገሩት፤ ቆንስሉ ፊት መስማት የለበትም።

ስሜን ቀይሬያለሁ የሚሉ ከሆነ

ጉዳዩ ተጀምሮ ሳለ በፍርድ ቤት ስምዎን ቀይረው አዲስ ፓስፖርት አውጥተው ከሆነ አይደንግጡ፤ ነገር ግን ሳይነገር የሚቆይ ነገር አይደለም። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር፣ የአዲሱንና የአሮጌውን ፓስፖርት ቅጂ አዘጋጁ። ጉዳዩ ገና አይ-130ን በሚመረምረው የአሜሪካ የዜግነትና የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት (ዩኤስሲአይኤስ) ዘንድ ከሆነ ባለቤትዎ በኢንተርኔት አካውንቱ በኩል ያስገባው፤ ኤንቪሲ ከደረሰ በመጠየቂያ ገጹ ይጻፍ፤ ኤምባሲ ከደረሰ ለኤምባሲው ይላክ። ዲኤስ-260 ተልኮ ከነበረ እንዲከፈትልዎ ጠይቀው አዲሱን ስም ዋና፣ የድሮውን «ሌላ ስም» አድርገው ያስተካክሉ። በድሮ ስም የወጣ የፖሊስ ማስረጃ ካለዎት በአዲሱ ስም መልሰው ያውጡ። አሮጌውን ፓስፖርት አይጣሉ፤ ለቃለ መጠይቁ ይዘውት ይሂዱ።

ደረጃ 4፦ ከቃለ መጠይቅ እስከ አየር ማረፊያ

የጤና ምርመራው፣ የቀጠሮ ወረቀቱና ፓስፖርቱ አንድ ስም እንዲይዙ ያረጋግጡ። ቪዛው ታትሞ ሲመለስልዎ የመጀመሪያው ሥራዎ ማንበብ ነው፦ ስም፣ የልደት ቀን፣ ጾታ፣ ዜግነት። ስሕተት ካለ አገር ሳይለቁ ወደ ኤምባሲው ይመልሱት፤ እዚህ ሊታረም የሚችል ፊደል አሜሪካ ከገቡ በኋላ ገንዘብና ወራት ያስወጣል።

ለግሪን ካርዱ ማተሚያ የሚከፈለውን የስደተኛ ክፍያ፣ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ 235 ዶላር፣ ከመነሣትዎ በፊት በኢንተርኔት ይክፈሉ። የአውሮፕላን ቲኬቱ በፓስፖርቱ ስም ይቆረጥ። ባለቤትዎ ቲኬቱን ከአሜሪካ የሚቆርጥ ከሆነ «ሚስስ አየለ» ብሎ እንዳይሞላ አስቀድመው ይንገሩት።

አሜሪካ ሲገቡ ቪዛው ላይ ማኅተም ይመታል፤ ያ ማኅተም ያለበት ቪዛ ካርዱ እስኪደርስ ለአንድ ዓመት እንደ ግሪን ካርድ ያገለግላል። ካርዱ በፖስታ ሲመጣ ፊደሉን ይመርምሩ። ስሕተቱ የዩኤስሲአይኤስ ከሆነ አይ-90 በሚባለው ቅጽ ያለ ክፍያ ይታረማል።

ደረጃ 5፦ አሁን ስምዎን መቀየር ይችላሉ

እዚህ ከደረሱ በኋላ የሚቀረው መንገድ መምረጥ ነው።

በእጮኛ ቪዛ የሚሄዱ ሰዎች ከሁሉም የቀለለ ዕድል አላቸው። ጋብቻው አሜሪካ ውስጥ በ90 ቀን መፈጸም ስላለበት፣ የጋብቻ ፈቃድ ሲያወጡ እንደ ካሊፎርኒያና ኒውዮርክ ባሉ ግዛቶች ከጋብቻ በኋላ የሚይዙትን ስም እዚያው ያስመዘግባሉ። ከዚያ የግሪን ካርድ ማመልከቻው በአዲሱ ስም ይገባል፤ ካርዱም በዚያው ይታተማል። በካሊፎርኒያ ይህን ቦታ ባዶ ትቶ ቆይቶ ማስጨመር አይቻልምና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመሄድዎ በፊት ይወስኑ።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተጋቡ ሰዎች ነገር ይለያል። የእኛ አገር የጋብቻ ምስክር ወረቀት ሚስት ከጋብቻ በኋላ የምትይዘውን አዲስ ስም አያሰፍርም፤ ስለዚህ ይህን ወረቀት ብቻ ይዞ መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት መዞር ማከራከሩ አይቀርም። አስተማማኙ ሰነድ የሚኖሩበት ግዛት ፍርድ ቤት የሚሰጠው የስም ለውጥ ትእዛዝ ነው። ማመልከቻ ይሞላሉ፤ ክፍያው እንደየግዛቱ ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ በጋዜጣ ማሳወጅ ይጠየቃል፤ ዳኛው ሲፈርም ትእዛዙ ይወጣል። ሲወጣ ማኅተም ያለባቸው ብዙ የተረጋገጡ ቅጂዎች ይጠይቁ።

ትእዛዙን ይዘው ግሪን ካርዱን በአይ-90 መቀየር ይቻላል፤ ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ክፍያው በኢንተርኔት 415፣ በወረቀት 465 ዶላር ነው። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አስቀድሜ እጠይቅዎታለሁ፦ ካርድዎ የሁለት ዓመት ነው ወይስ የአሥር? አሜሪካ ሲገቡ ጋብቻዎ ሁለት ዓመት ያልሞላው ከሆነ የተሰጠዎት የሁለት ዓመት ካርድ ነው፤ ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ፣ የሁለት ዓመቱን ገደብ ለማስነሣት የሚቀርበውን አይ-751 የሚባል ማመልከቻ ማስገባት ግዴታዎ ነው። ያን ጊዜ ትእዛዙን አያይዘው በአዲሱ ስም ቢያመለክቱ የአሥር ዓመቱ ካርድ በአዲሱ ስም ይመጣል፤ ለአይ-90 የሚወጣው ገንዘብ ይቀርልዎታል። ችኮላ ከሌለ የምመክረው ይህንን ነው።

የበለጠ መታገሥ ለሚችሉ ደግሞ ዜግነቱ ራሱ መንገድ ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትዳር ጓደኛ ሆነው አብረው የሚኖሩ ሰዎች ግሪን ካርድ ካገኙ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ ሌሎች ከአምስት ዓመት በኋላ ለዜግነት ማመልከት ይችላሉ። ኤን-400 የተባለው ቅጽ ስም መቀየር ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል። «እፈልጋለሁ» ካሉና ቃለ መሐላው ፍርድ ቤት በዳኛ ፊት ከተፈጸመ ስሙ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይቀየራል። መሐላውን ዩኤስሲአይኤስ ራሱ በሚያስፈጽምበት ሥነ ሥርዓት ላይ ግን ይህ አይቻልም፤ የፍርድ ቤቱን ቀን መጠበቅ ሊያስፈልግ ይችላል።

ከተቀየረ በኋላ ቅደም ተከተሉ

ስሙ በሕግ እንደተቀየረ ግሪን ካርዱን ያስቀድሙ። ሶሻል ሴኩሪቲ መሥሪያ ቤት ዜጋ ያልሆነን ሰው የኢሚግሬሽን ሰነዱን ስለሚያይ፣ አዲሱ ስም እዚያ ላይ ካለ ክርክር አይኖርም፤ ካርዱም በነጻ ይቀየራል። መንጃ ፈቃድ ይቀጥላል፤ ባንክ፣ አሠሪና የጤና መድን በመጨረሻ። ግብር የሚያስገቡበት ስም ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገቡ ጋር አንድ መሆን ስላለበት፣ በግብር ወቅት መካከል ላይ ከደረሱ አንዱ ሳይቀየር ሌላውን አይቀይሩ፤ ተመላሽ ገንዘብዎ ይዘገያል።

የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎ በድሮው ስም ይቆያል። ስለዚህ አገር ቤት ሲሄዱ ቲኬቱ እንደ ፓስፖርቱ ይቆረጥ፤ ሲመለሱ ግሪን ካርዱ በአዲሱ ስም ስለሆነ የስም ለውጡን ትእዛዝ በእጅ ሻንጣዎ ይያዙ፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።

ነርሶች፣ ሒሳብ ሠራተኞች፣ መምህራንና ሌሎች ከኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር አስቡ። ዲግሪው፣ የትምህርት ውጤቱና የሥራ ልምድ ደብዳቤው በድሮው ስም ናቸው። የትምህርት ማስረጃ ግምገማውንና የሙያ ፈቃድ ማመልከቻውን ከስም ለውጡ በፊት መጨረስ ከተቻለ ብዙ ደብዳቤ መጻጻፍ ይቀራል።

አገር ቤት ያለውን ንብረት አይርሱ

ቤት፣ ኮንዶሚኒየም፣ ውርስ ወይም የባንክ ሒሳብ በስምዎ ካለ፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው መዝገብ የሚያውቀው የድሮ ስምዎን ብቻ ነው። ዋሽንግተን ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ በኩል ለወንድምዎ ወይም ለእናትዎ ውክልና ሲሰጡ ሁለቱም ስሞች በሰነዱ ላይ ይግቡ፦ «ሰላም ተስፋዬ ገብሬ፣ በአሁኑ ስሟ ሰላም አየለ» ተብሎ። የስም ለውጡ ትእዛዝም ተረጋግጦና ተተርጉሞ አብሮ ይላክ። አለበለዚያ ወንድምዎ መሥሪያ ቤት ሄዶ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን አስመስክር ይባላል።

የአሜሪካ ዜግነት ሲወስዱ የኢትዮጵያ ዜግነትዎ ይቀራል፤ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድምና። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልግዎት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ካርድ ነው። እርሱን ለማውጣት ኢትዮጵያዊ እንደነበሩ የሚያሳይ ሰነድ ይቀርባል። የአሜሪካ ፓስፖርትዎ «ሰላም አየለ» የሚል ከሆነ፣ ጊዜው ያለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎና የስም ለውጡ ትእዛዝ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ፤ ከእነርሱ ጋር የልደት ምስክር ወረቀትዎን ዋናውን ይጨምሩበት።